ገበናና መዝገብ፤ ከታሸገ ደብዳቤ እስከ ኢንተርኔት ዘመን

፩. መግቢያ

ሰው ከሰው ጋራ ሲኖር ለሌላው የሚገልጠው ነገር አለ፤ ለራሱና ለቤቱ የሚያስቀረውም ነገር አለ። ይህን ለራስ የሚቀረውን ነገር በቋንቋችን «ገበና» እንለዋለን። ገበና ወንጀል አይደለም፤ ነውርም ብቻ አይደለም። የቤት ጉድለት፣ የባልና የሚስት ንግግር፣ የበሽተኛ ሕመም፣ የባለዕዳ ጭንቀት፣ ገና ያልበሰለ ሐሳብ ሁሉ ገበና ነው። «ሆድ ይፍጀው» የሚለው አባባልና «ከአፍ የወጣ አፋፍ» የሚለው ተረት የሚያመለክቱት፣ አባቶቻችን ምሥጢር አንድ ጊዜ ከባለቤቱ ከወጣ እንደማይመለስ ማወቃቸውን ነው።

ዛሬ ግን ሰው አፉን ሳይከፍት ገበናው የሚወጣበት ዘመን ላይ ደርሰናል። በኪሱ የያዘው ስልክ የት እንደ ዋለና የት እንዳደረ ያስመዘግባል፤ በኢንተርኔት የከፈተው ገጽ ማን እንደ ከፈተው ይይዛል፤ የጠየቀው ጥያቄ ከጠያቂው ጋራ ተያይዞ ይቀመጣል። ስለዚህ ጉዳይ ብዙ ይነገራል፤ ነገር ግን የሚነገረው አብዛኛውን ጊዜ ትናንት እንደ ተፈጠረ ተአምር ነው እንጂ እንደ ታሪክ አይደለም። እኛ በዚህ አጭር ጥናት ነገሩን ከታሸገው ደብዳቤ ጀምረን ልንከታተለው አስበናል።

ልናስረዳ የምንፈልገው ሐሳብ አንድ ነው። ባለፉት ዘመናት የሰውን ገበና የጠበቀው ሕግ ብቻ አልነበረም፤ ከሕጉ ይበልጥ የጠበቀው የሰላዩ ድካም ነበር። ደብዳቤ ለመክፈት እጅ፣ ጊዜና ደመወዝ ያስፈልግ ስለ ነበረ፣ ሰላዩ አስቀድሞ ማንን እንደሚሰልል መምረጥ ነበረበት። በእኛ ዘመን ድካሙ ቀረ፤ ስለዚህ መምረጡም ቀረ። አስቀድሞ ሁሉም ይመዘገባል፤ የሚፈለገው ሰው ኋላ ከመዝገቡ ተፈልጎ ይወጣል።

አንባቢ እንዳይሳሳት፣ የውጭ አገር ታሪክ ስንጽፍ ዓመቱን በአውሮፓ አቆጣጠር (እ.ኤ.አ.)፣ የአገራችንን ስንጽፍ በራሳችን አቆጣጠር (ዓ.ም.) አድርገናል።

፪. ደብዳቤ ከፋቾች በአውሮፓ

የሰውን ደብዳቤ በስውር መክፈት በአውሮፓ የቆየ ሥራ ነው። በ18ኛው መቶ ዓመት የኦስትሪያ ቤተ መንግሥት በቪየና ከተማ ለዚሁ ተግባር የተቋቋመ ምሥጢራዊ ጽሕፈት ቤት ነበረው። በከተማው ለሚገኙ የውጭ አገር አምባሳደሮች የሚመጣው ደብዳቤ ጧት በማለዳ ወደዚያ ይወሰዳል፤ ማኅተሙ በሻማ እሳት ቀስ ተብሎ ይለቃል፤ ጸሐፊዎች ጽሑፉን ይገለብጣሉ፤ ከዚያም ደብዳቤው በሐሰተኛ ማኅተም እንደ ነበረ ታሽጎ ረፋዱ ላይ ለባለቤቱ እንዲደርስ ይደረጋል። በዘመኑ ከሁሉ የተሻለ ጥበብ ነበረው የሚባለው ይህ ጽሕፈት ቤት በቀን የሚሠራው መቶ ያህል ደብዳቤ ነበር። ይህን ቁጥር አንባቢ ልብ እንዲለው እናሳስባለን።

በእንግሊዝ አገር ደግሞ ነገሩ እ.ኤ.አ. በ1844 ታላቅ ክርክር አስነሣ። ጁሴፔ ማዚኒ የተባለው የኢጣልያ አንድነት ታጋይ በስደት በሎንዶን ይኖር ነበር። ደብዳቤዎቹ እየተከፈቱ መሆናቸውን ስለ ጠረጠረ፣ ወዳጆቹ በፖስታው ውስጥ ደቃቅ የፖፒ ዘር፣ የአሸዋ ቅንጣትና የፀጉር ዘለላ እንዲያደርጉ አደረገ። ደብዳቤው ሲደርሰው የተቀመጠው ነገር አልተገኘም። ቶማስ ዳንኮምብ የተባለ የፓርላማ አባል አቤቱታውን ለምክር ቤቱ አቀረበ፤ የአገር ግዛት ሚኒስትሩ ሰር ጄምስ ግራሃምም የመክፈቻ ማዘዣ መስጠቱ ተገለጠ። ምክር ቤቶቹ መርማሪ ኮሚቴ አቋቁመው ሲመረምሩ፣ ከ1799 እስከ 1844 ድረስ በ45 ዓመት ውስጥ የተሰጡት ማዘዣዎች 372 መሆናቸው ተቈጠረ። አንዱ ማዘዣ ብዙ ደብዳቤ ሊያስከፍት ቢችልም፣ እንግሊዞች በዚህ ቁጥር ተቈጡ፤ በፖስታ ቤቱ ውስጥ የነበረው ምሥጢራዊ ክፍልም በዚያው ዓመት ተዘጋ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ማዘዣው በተለምዶ የሰው ስም ነበረው፤ የታዘዘበትም ባለሥልጣን ነበረው። ስለዚህ «ለምን ታዘዘ?» ተብሎ የሚጠየቅ ሰው ተገኘ። ሁለተኛ፣ መክፈቱ ምልክት ይተዋል። ከእኛ መካከል በአዳሪ ትምህርት ቤት ያደግን ሰዎች ይህን እናውቃለን። በአንድ ትምህርት ቤት ከቤተሰብ የሚመጣልን ደብዳቤ በኀላፊው ተከፍቶና ተነብቦ ነበር የሚሰጠን። ቅር ይለን ነበር፤ ነገር ግን የፖስታው አፍ ተቀድዶ ስለምናየው ማን እንዳነበበው እናውቃለን፤ የምንጽፈውንም በዚያው ልክ እንመጥናለን። ምልክት የማይተው አንባቢ ግን ሌላ ነገር ነው።

፫. የደብዳቤ ምሥጢር በአገራችን

በአገራችን ደብዳቤ ለብዙ ዘመን የሚጓዘው በእግረኛ መልእክተኛ እጅ ነበር። ማኅተም ያለበት የመኳንንት ደብዳቤ መከበሩ ከላኪው ክብርና ከመልእክተኛው ታማኝነት የመጣ ነው። ከባዱ ምሥጢር ደግሞ በወረቀት አይጻፍም፤ በቃል ይላካል። በዘመነ ምኒልክ፣ በ1886 ዓ.ም. የፖስታ ሥራ ሲቋቋም ግን ደብዳቤ በማይታወቅ ሠራተኛ እጅ ማለፍ ጀመረ። ያን ጊዜ የመልእክተኛው ታማኝነት በሕግ መተካት ነበረበት።

ሕጉም መጣ። በ1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት፣ ሕግ ከሚፈቅደው በቀር የኢትዮጵያዊ ቤት እንዳይበረበር፣ የደብዳቤውም ምሥጢር እንዳይገለጥ ደነገገ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ደግሞ፣ በይፋ የታወጀ የአስቸኳይ ጊዜ ካልሆነ በቀር በደብዳቤ ላይ ቁጥጥር እንዳይደረግ ወሰነ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከዚህም አልፎ ሄደ። የሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይለጠፍ ከልክሎ፣ በምሥጢር የተጻፈ ደብዳቤን የተቀበለው ሰው ራሱ እንኳ ያለ ጸሐፊው ፈቃድ እንዳይገልጠው አዘዘ። በመጨረሻም የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በ26ኛው አንቀጽ የግል ሕይወትን መብት ሲደነግግ፣ ከፖስታ ደብዳቤ ጋራ በቴሌፎንና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚደረገውን ግንኙነት ጨምሮ ጠቀሰ።

ሕጉ ይህን ቢልም ሥራው ሁልጊዜ እንደ ቃሉ አልነበረም። «ጆሮ ጠቢ» የሚለው ቃል በሕዝብ አፍ የቆየው በከንቱ አይደለም። ነገር ግን ጆሮ ጠቢ ሰው ነው፤ ይታያል፤ ይጠረጠራል። ጠጅ ቤት ሲገባ ጨዋታ ይለወጣል። በአንድ ሌሊትም በሁለት ጠጅ ቤት መቀመጥ አይችልም።

፬. የድካም መጨረሻ ወሰን፤ የምሥራቅ ጀርመን ምሳሌ

አንድ መንግሥት በሰው እጅ ብቻ ሕዝቡን ሁሉ ልሰልል ቢል እስከ የት ሊደርስ እንደሚችል ለማየት የምሥራቅ ጀርመን ታሪክ ይበቃል። በዚያ አገር የነበረው የመንግሥት ጸጥታ ሚኒስቴር፣ ሕዝቡ በአጭሩ «ሽታዚ» የሚለው፣ እ.ኤ.አ. በ1989 መንግሥቱ ሊወድቅ ሲል 91,000 ያህል ደመወዝተኛ ሠራተኞች ነበሩት። ከእነዚህም ሌላ 189,000 ያህል ሰዎች በድብቅ ወሬ ያቀብሉት ነበር። የአገሩ ሕዝብ ከ16 ሚሊዮን ጥቂት የሚበልጥ ስለ ነበረ፣ ወደ ስልሳ ለሚሆን ሰው አንድ ሰላይ ይደርስ ነበር ማለት ነው። ደብዳቤ በእንፋሎት ይከፈታል፤ ስልክ በሰው ጆሮ ይደመጣል፤ የተሰማው በታይፕ ይመታል። ትቶት የሄደው የወረቀት መዝገብ በመደርደሪያ ቢደረደር 111 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ይህም ከአዲስ አበባ አዳማ ደርሶ እንደሚያልፍ መንገድ ነው።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ሠራዊትና ይህ ሁሉ ወረቀት የሕዝቡን ሁሉ ገበና ሊይዝ አልቻለም። መሥሪያ ቤቱ ሰው መምረጥ ነበረበት። ደመወዙም የአገሩን ሀብት ይበላ ነበር። ከዚህ በላይ መሄድ የሚቻለው የሰውን እጅ የሚተካ መሣሪያ ሲገኝ ብቻ ነው። መሣሪያው የተገኘው ግን በሰላዮች ቤት አይደለም፤ በንግድ ቤት ነው።

፭. የኩኪ አፈጣጠር

እ.ኤ.አ. በ1994 ኢንተርኔት ለሕዝብ ገና አዲስ ነበር። በዚያን ጊዜ የኢንተርኔት ገጽ ማስታወስ አያውቅም። አንድ ሰው አንድ ገጽ ከፍቶ ወደሚቀጥለው ሲያልፍ፣ ገጹን የሚልከው ኮምፒዩተር የመጣው ያው ሰው መሆኑን አይለይም። ደንበኛው ፊቱን ባዞረ ቁጥር የሚረሳውን ባለሱቅ ማሰብ ነው። በእንዲህ ያለ ሱቅ ደግሞ ዕቃ መርጦ በቅርጫት ማኖር አይቻልም።

ይህን ችግር ያቃለለው ሉ ሞንቱሊ የተባለ የኔትስኬፕ ኩባንያ መሐንዲስ ነው። ዕድሜው ያን ጊዜ 23 ነበር፤ ከእኛ ዕድሜ አይርቅም። ያሰበውም ዘዴ ቀላል ነው። ገጹን የሚልከው ኮምፒዩተር ለጐብኚው አንድ ቁጥር በትንሽ ጽሑፍ አድርጎ ይልክለታል። ገጽ የሚከፍተው ፕሮግራም፣ ማለት ብራውዘሩ፣ ይህን ጽሑፍ ያስቀምጠዋል፤ ወደዚያው ስፍራ በተመለሰ ቁጥርም መልሶ ያሳየዋል። ይህችን ትንሽ ጽሑፍ «ኩኪ» አሏት። ሞንቱሊ ለእያንዳንዱ ሰው በኢንተርኔት ሁሉ የሚያገለግል አንድ መለያ ቁጥር መስጠትን ትቶ ይህን መንገድ የመረጠው፣ አንዱ ሱቅ የሰጠውን ቁጥር ሌላው ሱቅ እንዳያየው ብሎ ነው። ስለዚህ ኩኪ ሲፈጠር ገበናን ለመጠበቅ የታሰበ ነበር ብንል ስሕተት አይሆንም።

ነገር ግን አንድ ቀዳዳ ነበረው። የኢንተርኔት ገጽ ከአንድ ስፍራ ብቻ የሚመጣ አይደለም፤ ጽሑፉ ከጋዜጣው፣ ማስታወቂያው ደግሞ ከሌላ ኩባንያ ሊመጣ ይችላል። ማስታወቂያ ላኪው ኩባንያም የራሱን ኩኪ ይሰጣል። ይህን በመርካቶ ብንመስለው፣ እያንዳንዱ ባለሱቅ ለደንበኛው የራሱን ካርድ ይሰጣል፤ አንዱ የሌላውን አያነብም። ነገር ግን አንድ ደላላ በሺህ ሱቅ በር ላይ ሰው አቁሟል። የደላላው ሰዎች ሁሉ የሚያዩት አንድ ዓይነት ካርድ ነው። ስለዚህ ደንበኛው ጧት መድኃኒት፣ ቀትር ላይ መጽሐፍ፣ ማታ የጋብቻ ልብስ መጠየቁን ባለሱቆቹ ባያውቁም ደላላው ያውቃል። ደንበኛው ደግሞ ደላላ መኖሩን አያውቅም።

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1996 ፋይናንሻል ታይምስ የተባለው የሎንዶን ጋዜጣ ስለዚህ ነገር እስኪጽፍ ድረስ አብዛኛው ሕዝብ ኩኪ መኖሩን እንኳ አያውቅም ነበር። በሚቀጥለው ዓመት፣ በፌብሩዋሪ 1997፣ የኢንተርኔትን ደንብ የሚያወጡት መሐንዲሶች ጉባኤ አንድ ሰነድ አወጣ። ከጸሐፊዎቹ አንዱ ራሱ ሞንቱሊ ነበር። ሰነዱ የሦስተኛ ወገን ኩኪ፣ ማለት የደላላው ካርድ፣ ባለቤቱ ካልፈቀደ በቀር እንዳይሠራ የሚል ነበር። ብራውዘር የሚሠሩት ታላላቅ ኩባንያዎች ግን አልተቀበሉትም። ማስታወቂያ የኢንተርኔት መተዳደሪያ ሆኖ ነበርና።

በእኛ አስተያየት የዚህ ታሪክ መገንጠያ መንገድ እዚህ ላይ ነው። ነገሩ እንዲህ ይሆናል ብሎ ያስጠነቀቀ ሰው ጠፍቶ አይደለም፤ መድኃኒቱም በጽሑፍ ቀርቦ ነበር። የቀረው በንግድ ጥቅም ምክንያት ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን በአጭሩ እናልፈዋለን። በ1990ዎቹ አጋማሽ የተቋቋመው ደብልክሊክ የተባለ ኩባንያ በብዙ ሺህ ገጾች ላይ ማስታወቂያ በመላክ የታወቀ ደላላ ሆነ። ጉግል ይህን ኩባንያ በ3.1 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት እ.ኤ.አ. በ2007 ተስማምቶ በ2008 ግዢውን ፈጸመ። በ2016 ደግሞ ጉግል የደንቡን ቃል ለውጦ፣ ደላላው የሰበሰበውን መዝገብ ከሰው ስም ጋራ ከተያያዘው መዝገብ ጋራ ለማዋሐድ የሚያስችለውን መንገድ ከፈተ። ፌስቡክም ከ2010 ጀምሮ «ወደድሁት» የምትለዋን ምልክት በሌሎች ሰዎች ገጾች ላይ በማስቀመጥ ተመሳሳይ ዐይን አገኘ። ሳፋሪና ፋየርፎክስ የተባሉት ብራውዘሮች የሦስተኛ ወገን ኩኪን በኋላ ቢያግዱም፣ ጉግል በ2020 ይህንኑ አደርጋለሁ ብሎ የገባውን ቃል በ2024 ተወው።

፮. ከነጋዴው መዝገብ ወደ መንግሥት እጅ

አንዳንድ ሰው «ነጋዴ ቢያውቀኝ ምን ይጐዳኛል? ጫማ ሊሸጥልኝ ነው» ይላል። ይህ አነጋገር መዝገብ በአንድ እጅ ተወስኖ እንደሚቀር ያስባል። ታሪኩ ግን የሚያሳየው ሌላ ነው።

እ.ኤ.አ. በጁን 2013 ኤድዋርድ ስኖውደን የተባለ የ29 ዓመት ሰው፣ ለአሜሪካ ብሔራዊ የጸጥታ ድርጅት ሲሠራ ያገኛቸውን ምሥጢራዊ ሰነዶች ለጋዜጠኞች ሰጠ። መጀመሪያ የታተመው ሰነድ አንድ የምሥጢር ችሎት፣ ቬራይዘን የተባለው የስልክ ኩባንያ የደንበኞቹን የጥሪ መዝገብ ሁሉ በየቀኑ ለድርጅቱ እንዲያስረክብ ያዘዘበት ነው። ማን ለማን በስንት ሰዓት እንደ ደወለና ስንት ደቂቃ እንደ ተነጋገረ ይመዘገባል። በማዚኒ ዘመን ማዘዣው በተለምዶ የሰው ስም ነበረው ብለናል። በዚህ ማዘዣ ላይ ግን የሰው ስም አልነበረም፤ የታዘዘው በሚሊዮን በሚቈጠሩ ሰዎች ሁሉ ላይ ነው። ይህ የጅምላ ስብሰባ በ2015 በወጣው ሕግ መሠረት በዚያው ዓመት መጨረሻ ቆመ።

ለእኛ ጥናት ይበልጥ የሚጠቅመው ግን በዲሴምበር 2013 ዋሽንግተን ፖስት ያወጣው ነው። ከሰነዶቹ እንደ ታየው ሰላዮቹ የሚፈልጉትን ሰው ኮምፒዩተር ከሌላው ለይተው ለማወቅ የጉግልን ኩኪ ይጠቀሙ ነበር። ለማስታወቂያ ተብሎ በሰው ኮምፒዩተር ላይ የተለጠፈው ቁጥር ለሰላይ ዒላማ ሆነ። መንግሥት መለያ ቁጥሩን ራሱ መለጠፍ አላስፈለገውም፤ ነጋዴው ለጥፎ ጠበቀው።

ከዚያ በኋላ የአሜሪካ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በዚህ ነገር ላይ ቃሉን ሰጠ። ፖሊስ በተከታታይ የዘረፋ ወንጀሎች የጠረጠረውን ሰው የስልክ መዝገብ ያለ ተገቢ የፍርድ ቤት ማዘዣ ወስዶ፣ ሰውየው በ127 ቀን ውስጥ የነበረባቸውን 12,898 ስፍራዎች አገኘ። በአማካይ በቀን ወደ 101 ይደርሳል። በቪየና ጸሐፊዎቹ ሁሉ በቀን መቶ ደብዳቤ ይሠሩ እንደ ነበር አንባቢ ያስታውሳል። እነሆ፣ ያን ያህል ምልክት ስለ አንድ ሰው ብቻ፣ ማንም ሳይደክም፣ ሰውየውም ገና ሳይጠረጠር ተመዝግቦ ቆይቷል። ፍርድ ቤቱ በጁን 2018 በ5 ድምፅ በ4 እንዲህ ያለው መዝገብ ያለ ማዘዣ እንዳይወሰድ ፈረደ።

ይህ መልካም ፍርድ ነበር፤ ነገር ግን በጎኑ ሌላ በር ተከፈተ። በማዘዣ የሚጠየቀው መዝገብ በገበያ ይሸጣል። የስልክ ፕሮግራሞች የሰበሰቡትን የመዋያ ስፍራ የሚሸጡ ነጋዴዎች አሉ፤ የአሜሪካ የስለላ መሥሪያ ቤቶችም ከገበያ እንደሚገዙ በጁን 2023 በይፋ በወጣው የመንግሥቱ የራሱ ሪፖርት ተገልጧል። በሕግ በር የተከለከለው በገንዘብ በር ይገባል ማለት ነው።

፯. ድንበር የማያግደው ጆሮ

ይህ ነገር የሩቅ አገር ሰዎች ጉዳይ ብቻ መስሎ የሚታየው አንባቢ ቢኖር የሚከተለውን ይመልከት። እ.ኤ.አ. በ2014 አንድ በኢትዮጵያ ተወልዶ የአሜሪካ ዜግነት ያገኘ ሰው፣ በሜሪላንድ የሚኖር፣ በተለዋጭ ስም ሆኖ በዋሽንግተን ፍርድ ቤት የኢትዮጵያን መንግሥት ከሰሰ። በክሱ እንዳመለከተው፣ በኢሜይል የመጣ አንድ ሰነድ ሲከፈት «ፊንስፓይ» የሚባል የስለላ ፕሮግራም በኮምፒዩተሩ ውስጥ ገባ፤ ከ2012 መጨረሻ ጀምሮ ከአራት ወር በላይም የቤተሰቡን ንግግርና ጽሑፍ እየቀዳ ወደ አዲስ አበባ ይልክ ነበር። ከተቀዱትም መካከል ልጁ ለትምህርት ቤት የታሪክ ሥራ ብሎ በኢንተርኔት ያደረገው ፍለጋ እንደሚገኝ በክሱ ተጽፏል።

የይግባኙ ፍርድ ቤት በማርች 2017 ክሱን አልተቀበለውም። ነገሩ ሐሰት ነው ወይም እውነት ነው ብሎ አልፈረደም። የፈረደው፣ በውጭ አገር መንግሥት ላይ እንዲህ ያለ ክስ የሚሰማው ድርጊቱ በሙሉ በአሜሪካ ምድር የተፈጸመ ሲሆን ነው፤ የዚህኛው ግን ሐሳቡም ትእዛዙም ከውጭ የመጣ ነው በማለት ነው። ጆሮ ጠቢው በከሳሹ ቤት በአካል ቢገኝ ኖሮ ክርክሩ ሌላ መልክ በያዘ ነበር። ባሕር ማዶ ተቀምጦ ስላደመጠ ግን ሕጉ ሊደርስበት አልቻለም። መሣሪያው ድንበርን ሲሻገር ሕጉ በድንበር ላይ ቆሞ ቀረ። በስደት ለሚኖረው ወገናችንም ሆነ በአገር ቤት ሆኖ ከእርሱ ጋራ ለሚነጋገረው ዘመድ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከእናቱ ጋራ በስልክ የሚነጋገር ሰው ቃሉን እየመጠነ የሚናገር ከሆነ፣ የተሰረቀው ምሥጢር ብቻ ሳይሆን ጨዋታውም ጭምር ነው።

፰. ስለሚቀርቡት መከራከሪያዎች

ከተማሪዎች ጋራ ስንነጋገር ሦስት መከራከሪያዎች ደጋግመው ይቀርባሉ።

አንደኛው «ምንም የምደብቀው የለኝም» የሚለው ነው። ለዚህ መልሱ በ2006 የሆነው ነው። ኤ.ኦ.ኤል. የተባለው ኩባንያ ለተመራማሪዎች ይጠቅማል ብሎ፣ 650,000 ያህል ደንበኞቹ ያደረጓቸውን 20 ሚሊዮን ያህል ፍለጋዎች ይፋ አወጣ። ስማቸውን አጥፍቶ በቁጥር ተክቶት ነበር። ነገር ግን የኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጠኞች ከፍለጋዎቹ ብቻ ተነሥተው በጥቂት ቀን ውስጥ የአንዲትን ባልቴት ማንነት አግኝተው በራቸው ላይ ደረሱ። ባልቴቲቱ ወንጀል አልሠሩም፤ ስለ ሕመምና ስለ ቤት ጉዳይ ነበር የጠየቁት። የሚደበቅ ነገር የሌለው ሰውም ገበና አለው።

ሁለተኛው «ወንጀለኛ የሚያዘው በዚህ ነው» የሚለው ነው። ይህ እውነት አለበት፤ የዘረፋው ተጠርጣሪ የተፈረደበት በዚያው መዝገብ ጭምር ነው። እኛም መንግሥት ምንጊዜም ምንም አይስማ አንልም። የምንለው፣ የማዚኒ ዘመን እንግሊዞች እንዳሉት፣ ስም ያለበት ማዘዣና የሚጠየቅ ባለሥልጣን ይኑር ነው።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው «በነፃ እያገለገሉን ነውና ዋጋው ይህ ነው» የሚለው ነው። በእርግጥ እንደ እኛ ያለ ድኻ ተማሪ የኢሜይልና የፍለጋ ዋጋ በየወሩ ክፈል ቢባል አይችልም። ማስታወቂያው ይከፍልልናል። ነገር ግን ማስታወቂያ ሁሉ መከታተልን አይጠይቅም። ጋዜጣ ለብዙ ዘመን አንባቢውን ሳይከተል በማስታወቂያ ኖሯል። ዋጋ ነው ከተባለም፣ ገዢው የሚከፍለውን ሳያውቅ የሚፈጸም ሽያጭ በየትኛውም ገበያ ቅን ሽያጭ አይባልም።

፱. መደምደሚያ

ድካም የሚባለው ጠባቂ ከሄደ የቀረው ሕግ ነው ብለን ነበር። አንዳንድ አገሮች ይህን ተረድተዋል። የአውሮፓ ኅብረት በ2016 አጽድቆ ከሜይ 25 ቀን 2018 ጀምሮ የሚሠራበት ደንብ፣ የሰውን መዝገብ የሚይዝ ሁሉ ምክንያቱን እንዲያስታውቅ፣ ከሚያስፈልገው በላይ እንዳይሰበስብ፣ ባለቤቱ ሲጠይቅም እንዲያሳየው ያስገድዳል። በ2023 የፌስቡክ ባለቤት የሆነው ሜታ በዚህ ደንብ መሠረት 1.2 ቢሊዮን ዩሮ ተቀጥቷል። ሆኖም ደንቡ ያመጣው ሌላ ልማድም አለ። በየገጹ «እስማማለሁ» የሚል ጥያቄ ይመጣል፤ ሰው ሳያነብ ይጫነዋል። ሳይነበብ የሚሰጥ ፈቃድ ፈቃድ ሊባል የሚገባው መሆኑ ያጠራጥራል።

በአገራችንም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 በ2016 ዓ.ም. ወጥቷል፤ ተቈጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ጊዜው የሚያስፈልግበት ነው። ቴሌብር ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ የገንዘብ ዝውውርን በስልክ አድርጓል፤ የዲጂታል መታወቂያ አዋጅም በ2015 ዓ.ም. ታውጇል። እነዚህ የሚጠቅሙ ነገሮች ናቸው፤ ገበሬው ባንክ ሳይሄድ ገንዘብ ይቀበላል፤ መታወቂያ ያልነበረው ሰው መታወቂያ ያገኛል። ነገር ግን እያንዳንዱ መዝገብ ይጨምራል። አያቶቻችን ያበደሩትንና የተበደሩትን የሚያውቁት እነርሱና ምስክሮቻቸው ነበሩ፤ የእኛን የሚያውቀው መዝገብ ግን ምስክሮቹ ካረፉም በኋላ ይኖራል።

ከታሪኩ የምናገኘው ምክር በሁለት ቃል ይጠቃለላል። አንደኛ፣ ክርክሩ መሆን ያለበት የተሰበሰበው መዝገብ እንዴት ይጠበቅ በሚለው ላይ ብቻ ሳይሆን፣ መጀመሪያውንም ለምን ይሰበሰብ በሚለው ላይ ነው። ያልተጻፈ መዝገብ አይሰረቅም፤ አይሸጥም፤ በአዲስ ባለሥልጣን እጅም አይወድቅም። ሁለተኛ፣ ጊዜ ይወስናል። በ1997 መሐንዲሶቹ ያቀረቡት መድኃኒት ያን ጊዜ ቢወሰድ ቀላል ነበር፤ ብዙ ቢሊዮን ዶላር ከተሠራበት በኋላ ግን ከባድ ሆነ። የእኛ አገር መዝገብ ገና አዲስ ነው። ልማዱ ሳይጠነክር አዋጁን ማንበብ፣ አፈጻጸሙን መጠየቅና የተቈጣጣሪውን ነፃነት መከታተል የተማረው ወጣት ግዴታ ነው እንላለን።

በዚህ ጽሑፍ ያልነካነው ብዙ ነው። የአገራችን የፖስታና የቴሌፎን ሠራተኞች የሰውን ምሥጢር እንዴት ይጠብቁ እንደ ነበረ ገና በሚገባ አልተጻፈም። የቀድሞው የእጅ ማዞሪያ ቴሌፎን ሠራተኞች የከተማውን ጨዋታ ሁሉ መስማት ይችሉ ነበር፤ ብዙዎቹም ሰምተው ዝም ማለትን እንደ ሙያ ክብር ሳይቈጥሩት አልቀሩም። ይህን ከሽማግሌዎችና ከባልቴቶች አፍ ጠይቆ የሚጽፍ ተማሪ ቢነሣ ታላቅ አገልግሎት ይሆናል። መሣሪያ ዝም ማለትን አያውቅም፤ ዝምታን የሚያስተምረው ሕግ ነው፤ ሕጉን የሚያወጡት ደግሞ ገበና ምን እንደ ሆነ ያልረሱ ሰዎች መሆን አለባቸው።